ሎጉ ተሰረዘ፣ ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለሊኑክስ ሲስተም አድሚኒስትሬተር ሥራ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ልምድ የለኝም። ትእዛዞቹን በደብተር ጽፌ እየሸመደድኩ ነው። ምን ላይ ላተኩር? (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ ደብተሩን ለጊዜው ይዝጉት። ደህና ጠያቂ ትእዛዝ አያስቆጥርም፤ የተበላሸ ነገር ሰጥቶ ከየት እንደሚጀምሩ ያያል።

የተለመደው የዲስክ ጥያቄ ነው። ሰርቨሩ ቦታ የለኝም ብሎ አልጽፍ ይላል። «ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» የሞላውን ክፍል ያሳያል፤ በ«ዲዩ» ደግሞ ቦታውን የበላውን ማውጫ ያገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ቫር ሎግ ነው፤ ሎጎች (ፕሮግራሞች የሥራቸውን መዝገብ የሚጽፉባቸው ፋይሎች) የሚቀመጡበት ማውጫ። እስከዚህ ማንም ይመልሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው የሚለየው፦ ትልቁን ሎግ ሰርዘውም ዲኤፍ 100 ፐርሰንት ቢልስ? አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ይዞታል ማለት ነው። ስሙ ከማውጫው ቢጠፋም፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ቦታውን አይለቅም። ዲዩና ዲኤፍ የማይስማሙትም ለዚህ ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስኦኤፍ» የያዘውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) አግኝተው አገልግሎቱን ሪስታርት ያድርጉ። ፕሮሰሱን በግድ ወደሚያስቆመው «ኪል» 9 አይቸኩሉ፤ ሲግናል 15 ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል። ዘላቂው መፍትሔ ያረጁ ሎጎችን በየጊዜው የሚያስወግደው ሎግሮቴት ነው። ቦታ እያለ አልጽፍ ካለ ደግሞ በጥቃቅን ፋይሎች ብዛት ኢኖድ (እያንዳንዱ ፋይል የሚያስፈልገው መዝገብ) አልቆ ይሆናል፤ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» ይነግርዎታል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህኛውም አይቀርም፦ መብራት ጠፍቶ መጣ፣ ሰርቨሩ ተነሣ፣ ዳታቤዙ ግን አልተነሣም። መጀመሪያ አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው «ሲስተምሲቲኤል» ስታርት ብቻ ተደርጎ ኢኔብል ተረስቶ እንደሆነ ያጣሩ፤ ስታርት ለአሁኑ ነው፣ ኢኔብል ለቀጣዩ ቡት። ኢኔብል ከሆነ ምክንያቱን የሲስተሙን ሎግ በሚያሳየው ጆርናልሲቲኤል ላይ ይፈልጉ። ማሽኑ ራሱ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ከቆመ ኤፍስታብን (ሲነሣ የሚያያዙት ዲስኮች የተዘረዘሩበትን ፋይል) ይዩ፤ የተነቀለ ዲስክ እዚያ ተጽፎ «ኖፌይል» (ባይገኝም እለፈው) ካልተባለ ቡቱን ያስቆማል።

ፖርት 22 (ኤስኤስኤች፣ ከርቀት መግቢያ)፣ 53 (ዲኤንኤስ፣ የስም ፍለጋ) እና 443ን (ኤችቲቲፒኤስ፣ የተመሰጠረ ድረ ገጽ) ይወቁ። የኤስኤስኤች ማውጫ ፐርሚሽን (ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ቁጥር) 700፣ የተፈቀዱ ቁልፎች ፋይል 600 ነው፤ ላልቶ ሌላ ተጠቃሚ ሊጽፍበት ከቻለ ሰርቨሩ ቁልፍዎን አይቀበልም።

በቀሩት ቀናት ላፕቶፕዎ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይጫኑ፤ 1 ጊጋ ራም ለአንድ ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ሰርቨር ይበቃል። ስናፕሾት (የሚመለሱበት የማሽኑ ቅጂ) ይያዙና ኤፍስታቡን ሆን ብለው ያበላሹ፣ ዲስኩን ይሙሉ፣ ከዚያ ራስዎ ይጠግኑ። ልምድ ሲጠየቁ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፦ ምን እንዳበላሹ፣ በምን እንዳወቁት፣ እንዴት እንደመለሱት።