መጀመሪያ እናቱን አሳዩኝ ይበሉ

እህታችን፣ «ለልጆቼ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ልገዛ ነው፤ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለው የጠየቁትን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከሰባት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር ከቤት የወጣሁት። መልሱን ያገኘሁት ግን አንድ ቡችላ ከቀበርኩ በኋላ ነው።

የገዛሁት መንገድ ዳር በካርቶን ከቀረቡ ቡችሎች መካከል ነበር። ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል፤ ተከትቧል» አለኝ፤ አመንኩት። ጀርባው ጥቁር፣ እግሮቹ ቡናማ፣ መዳፎቹ ትልልቅ፤ ዓይኔ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ምግቡን ትቶ ጥግ ይዞ ተኛ። በማግሥቱ ማስመለስ ጀመረ፤ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ተከተለ። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። የእንስሳት ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ካየ በኋላ «ይህ ገና አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው» አለኝ። በሽታው ፓርቮ የሚባለው፣ የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃ ተላላፊ የቫይረስ በሽታ ነበር። ግሉኮስ ተሰክቶለት ሁለት ሌሊት ቆየ፤ ሦስተኛውን አላደረም። ልጄ ያዘጋጀችለትን ቀይ የአንገት ማሰሪያ አንድም ቀን አላሰረም።

ስለዚህ ከዝርያው በፊት ጤናውን ይጠይቁ እላለሁ። አባቶቻችን «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚሉት ለውሻም ይሠራል። አባትየው ሌላ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል፤ የተለመደ ነው። እናቲቱ ግን ከልጆቿ ጋር መኖር አለባት። «ገጠር ናት»፣ «ትናከሳለች» ከተባሉ ይመለሱ። ሌላ ሴት ውሻ አምጥተው እንዳያሳዩዎት ጡቷን ይመልከቱ፤ ያጠባች ውሻ ጡቷ ተንጠልጥሎ በግልጽ ይታያል። ከተኛችበት ስትነሣም ልብ ይበሉ። የኋላ እግሯ እየተንገዳገደ፣ እንደ ጥንቸል ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ እያነሣች የምትሮጥ ከሆነ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ሊኖርባት ይችላል። ይህ ችግር በጀርመን ሼፐርድ ላይ የታወቀና ከወላጅ የሚወረስ ነው። ቡችላው ላይ በሁለት ወሩ አይታይም፤ ሲያድግ ግን ደረጃ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። የወላጆቹን ዳሌ ኤክስሬይ አስነሥቶ ውጤቱን የሚያሳይ አርቢ ካገኙ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም አይልቀቁት። እናቲቱ እንግዳ ስታይ የምትሸሽ ወይም የምትርበተበት ከሆነችም፣ ልጆች ላሉበት ቤት የእርሷን ቡችላ አልመክርም።

ስለ ክትባት ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «አንዴ ተወግቷል» ሲሉን ነው። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት መከላከያ ያገኛል፤ ያ መከላከያ ግን የክትባቱንም ሥራ ያከሽፋል። መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ደግሞ በሦስት ወሩ ገደማ ነው። ካርዱ ላይ ከክትባቱ ብልቃጥ የተላጠው ምልክት፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ መኖራቸውን ይዩ። በቃል የተነገረ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠር።

ዕድሜውን ጥርሱ ይነግርዎታል፤ ሁለት ወር የሞላው ቡችላ 28ቱም የወተት ጥርሶቹ ወጥተው ሊገኙ ይገባል። ድዱ ሮዝ፣ ዓይኑና አፍንጫው ንጹሕ ይሁን። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ ከበሮ ከሆነ ትል ሊኖርበት ይችላል።

ኦሪጅናልነቱን በተመለከተ፣ ጆሮው ስለወደቀ ብቻ «ክልስ ነው» ብለው አይተዉት። የዚህ ዝርያ ጆሮ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ነው። የዘር ሐረግ ወረቀት ቢኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ትውልዱ እንጂ ስለ ጤናው አይደለም። ዝርያው በጀርመን አገር በ1899 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ በተባለ አርቢ እጅ መልክ ሲይዝ የተፈለገው በግ ለመጠበቅ ነው። ለሥራ የተፈጠረ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከታሰረ ጠባዩ ይበላሻል።

ሁለተኛውን ውሻዬን የሰጡኝ አዛውንት አርቢ መጀመሪያ እኔን ነው የመረመሩኝ። «ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ታስረዋለህ? በግቢህ ከዚህ በፊት ውሻ ሞቶብሃል?» አሉኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ከልባቸው ነበር፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በሳሙናም አይሞትም። ወለሉን በበረኪና አሳጠቡኝ፤ የመጀመሪያው ቡችላ የተኛበትን ጨርቅ ሁሉ አስቃጠሉኝ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላውም አልሰጥህም ብለው ለሦስት ሳምንት አመላለሱኝ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ እጅግ አመሰግናቸዋለሁ።

እርስዎም ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም አይቶት የታመመ ቢሆን ገንዘብዎ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ይህን እምቢ ካለ ሻጭ አይግዙ። ሐኪም ዘንድ ሲወስዱትም መሬት አያስነኩት፤ ሌሎች የታመሙ ውሾች የሚመጡበት ቦታ ስለሆነ ተራዎ እስኪደርስ በፎጣ ጠቅልለው እቅፍዎ ላይ ያቆዩት።