ሰባት ለአንድ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሥነ ልቦና ሳስተምር ነው የኖርኩት። በየዓመቱ ተማሪዎቼን በዕጣ ለሁለት እከፍልና ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሁለት ምርጫ እጽፋለሁ። አንደኛው፦ ለእናንተ ቡድን 19 ነጥብ፣ ለእነሱ 25። ሁለተኛው፦ ለእናንተ 7፣ ለእነሱ 1። የቱ ይሻላችኋል?

አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ቶሎ ብላ «ሰባቱ!» አለች። 12 ነጥብ እንደጣለች ስነግራት «ይሁና፣ እነሱ ግን አይብለጡን» አለችኝ። ቡድኑ ከተመሠረተ ገና አምስት ደቂቃው ነበር።

ቁጥሮቹን የወሰድኩት ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከሄንሪ ታጅፌል ነው። በእንግሊዟ ብሪስቶል ዕድሜያቸው 14 እና 15 የሆኑ ልጆችን ነጠብጣብ እያሳየ ብዛቱን አስገመታቸው። ከዚያ አንዱን «አብዝተው ከሚገምቱት ነህ»፣ ሌላውን «አሳንሰው ከሚገምቱት ነህ» አላቸው። እውነቱን ለመናገር የከፈላቸው በዘፈቀደ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተመደበ አያውቁም። ከዚያ ለሌሎቹ ልጆች ነጥብ እንዲያከፋፍሉ ጠየቃቸው፤ ለራስ መስጠት አይቻልም። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ለየቡድናቸው አዳሉ። በሁለተኛ ሙከራ ደግሞ በሥዕል ምርጫ ተከፈላችሁ የተባሉ ሌሎች ልጆች ልዩነቱ እንዲሰፋ ሲሉ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘውን እስከመቀነስ ደረሱ። ውጤቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ታተመ።

እኛ ይህን ምቀኝነት ብለን እናልፈዋለን። እኔ አይመስለኝም። ምቀኛ የሚመቀኘውን ሰው ያውቀዋል። እነዚህ ልጆች የያዙት የቡድን ስም ብቻ ነበር።

ታጅፌል ፖላንድ የተወለደ ይሁዲ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ሲዋጋ ጀርመኖች ማረኩት፤ ፈረንሳዊ ነኝ ብሎ ተረፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከቤተሰቡ የቀረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ከየት እንደመጣበት ይገባኛል።

ፖለቲካ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄፍሪ ኮኸን በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ስለ ድሆች ድጎማ ጠየቀ። ብዙ ጊዜ ለጋስ ድጎማ የሚሹት ሊበራሎቹ «ፓርቲያችሁ ደግፎታል» ሲባሉ ስስታሙን ድጎማ ደገፉ። ወግ አጥባቂዎቹም በተራቸው ለጋሱን። የወሰኑት ግን ሐሳቡን መዝነው እንደሆነ ያምኑ ነበር።

እባካችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የፖለቲካ ጽሑፍ ስታነቡ የጸሐፊውን ስም በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። መጀመሪያ አንብቡ፣ መስማማት አለመስማማታችሁን ወስኑ፣ ከዚያ ግለጡት። እኔ እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ጽሑፍ በጣም ወደድኩት። ጣቴን ሳነሳ ለዓመታት «እነሱ» ስለው የኖርኩት ሰው ሆኖ ተገኘ። ደግሜ አነበብኩት። ስሕተት እየፈለግኩ ነበር።