የ8 ዓመት ልጅ ክብደት በአዋቂ ሰንጠረዥ አይነበብም

እህቴ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ የተመዘነችው የ8 ዓመት ልጅዎ 30 ኪሎ፣ ቁመቷም 1 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሆኖ፣ በስልክዎ ያሰሉት የክብደትና የቁመት ንጽጽር (BMI) ውጤት «ቀጭን» ስላላት መጨነቅዎን ጽፈዋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 30 ኪሎ በሜትር ለተለካው ቁመቷ ካሬ (1.28 ሲባዛ በ1.28) ሲካፈል 18.3 ይመጣል። ስህተቱ ቁጥሩ በአዋቂዎች ሰንጠረዥ መነበቡ ነው። ለአዋቂ ከ18.5 በታች ቅጥነት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 መለኪያ ግን ለ8 ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛው 15.7 ገደማ ሆኖ ከመጠን ያለፈ ክብደት ከ17.7 በላይ ስለሚጀምር፣ ልጅዎ መቅጠኗ ቀርቶ መስመሩን በጥቂቱ አልፋለች። የልጆች መለኪያ በዕድሜና በጾታ የሚለያየው፣ ይህ ቁጥር ከሕፃንነት በኋላ ወርዶ 5 ወይም 6 ዓመት አካባቢ እንደገና መውጣት ስለሚጀምር ነው።

ቁመቷን ግን ጫማዋን አስወልቀው፣ ተረከዟን ከግድግዳ አስጠግተው፣ ሹሩባዋም ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነ ተጭነው ይለኩ። 3 ሴንቲ ብቻ ቢጨመር ውጤቱ 17.5 ሆኖ ከመስመሩ በታች ይመለሳልና። ቁጥሩ ስብን ከጡንቻ አይለይም፤ ስለዚህ በየ6 ወሩ እየተለካች የሚታየው አካሄድ ከአንድ ቀን ልኬት የተሻለ ይናገራል። እንድትወፍር ብለው የጀመሩትን ቅቤ የበዛበት ገንፎ ይተዉት፤ በማደግ ላይ ስለሆነች ግን ምግብ አይከልክሏት፣ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯት።