ቀድሞ ለሚያነብ ልጅ ምን እናድርግለት?

ውድ ወጣት መምህራንና አዲስ ወላጆች፣

ትምህርት ቤት ሳይገባ ፊደል የለየ፣ አንደኛ ክፍል ሲደርስ የታላቁን መጽሐፍ እያነሳ የሚያነብ ልጅ ገጥሟችሁ ይሆናል። ዕድሜዬን የታችኛውን ክፍል ሳስተምር ስለኖርኩ እንዲህ ያሉትን ብዙ አይቻለሁ።

በእንግዳ ፊት «እስኪ አንብብላቸው» ማለቱን ቀንሱ። ለጭብጨባ ማንበብ የለመደ ልጅ የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ዘሎት ያልፋል፤ መጠየቅ ያሳፍረዋል። ይልቅ ማታ ማታ አጠገባችሁ አስቀምጡትና ተራ በተራ አንብቡ። በራሱ ማንበብ ቻለ ብላችሁ አታቁሙለት።

ሲያነብ ጆሯችሁን ስጡት። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና አልደረሰም» የሚለውን አጥብቆ ካነበበው በዓሉ ነው፤ አላልቶ ካነበበው ደግሞ እስካሁን ያልመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ታሪኩ ከገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ አያታላችሁ። 231ዱን ሆሄ እንደ ውሃ የጠጣ ልጅ እንኳ «እስኪ በራስህ አባባል ንገረኝ» ሲሉት ሊጨንቀው ይችላል።

ክፍል ውስጥ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ትዝ ትለኛለች። ሌሎቹ ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርሱ እሷ ገጹን ጨርሳ፣ ቆሎ የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ጭኗ ላይ ዘርግታ ታነባለች። የተቀደደው ቦታ ስትደርስ የጎደለውን ከራሷ ትሞላዋለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ መቆጣት ይቀናል። እባካችሁ አትቆጧት። ሌላ መጽሐፍ ስጧት፤ የጋዜጣውንም መጨረሻ ጽፋ ታምጣ።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ድሮ ያውቅበታል። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል። ይህን ልማድ በጣም እወደዋለሁ። ግን ልክ ይኑረው። ቀኑን ሙሉ ጓደኞቹን ሲያስጠና ከዋለ እሱ መቼ ይማር?

ክፍል ለማዝለልም አትቸኩሉ። ንባቡ የአራተኛ ክፍል ሆኖ የእጅ ጽሑፉና ሒሳቡ የእኩዮቹ ሊሆን ይችላል። ኳስ የሚጫወተውም ከእነሱ ጋር ነው። ወላጆች፣ መምህሩ ጋ ስትሄዱ «ልጄ ጎበዝ ነው» ብቻ አትበሉ። ሰሞኑን ያነበበውን መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍሉ በተማሪ ለተጨናነቀበት መምህር ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የልጆች መጽሐፍ ቶሎ ያልቅባችኋል። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። ሌላ ቦታ ያላችሁ ከጎረቤት ጋር ተዋዋሱ። ቤት ውስጥ አያት ካለች እሱ ያንብብላት፣ እሷም ተረት ትንገረው፤ መጽሐፍ ላይ የማያገኘውን አማርኛ ከእሷ ይሰማል። የአዋቂ ልብ ወለድ ካነሳ ግን መጀመሪያ እናንተ አንብቡት። ቃሉን ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ሐዘኑንና ጭካኔውን አይችለውም። ከፈቀዳችሁለትም አብራችሁት አንብቡ፤ የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ይኑር።