የእንቁራሪት ፈሳሽ እና የጦቢት ዓሣ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ጭንቀት ይዞኝ የሐኪም መድኃኒት እወስዳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ «ካምቦ የሚባል የእንቁራሪት ፈሳሽ አለ፣ ከሰውነት መርዝ ያወጣል፣ እንሂድ» ትለኛለች። ጦቢትስ በዓሣ ሐሞት ተፈውሶ የለ? ይኼ በምን ይለያል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጦቢትን ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ቀን የምንሰማው ታሪክ ነው። ሐሞቱን ያዘዘው ግን መልአኩ ነው፤ የተቀባውም ዓይን ላይ ነው።

ካምቦ ሌላ ነው። በአማዞን ጫካ እንደ ማትሴስ ያሉ ሕዝቦች ለአደን ሲወጡ ብርታት እንዲሰጣቸውና መጥፎ ዕድል እንዲለቃቸው የሚያደርጉት ነው። እንቁራሪቷን አራት እግሯን ወጥረው ያስሩና ከቆዳዋ የሚወጣውን ፈሳሽ ይፍቃሉ። ከዚያ የሰውየውን ቆዳ በጋለ እንጨት ነጠብ ነጠብ አድርገው አቃጥለው ቁስሉን ይቀቡታል። በደቂቃ ውስጥ ደም ውስጥ ነው፦ ልብ ይደልቃል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ፊት ያብጣል፣ ከዚያ ትውከት።

ትውከቱን «መርዙ ወጣ» ይሉታል። የምን መርዝ? እናቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ትሉ ወጥቶ በዓይን ይታይ ነበር። እዚህ የሚወጣው ቀድመው ያጠጡሽ ውኃ ነው፤ መርዙንማ ያስገቡት እነሱ ናቸው። ውኃውም ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳዋል፣ አንጎል ያብጣል፣ ሰው ይንዘፈዘፋል። ሲያስታውክ የምግብ ቧንቧው የተቀደደበት አለ፣ የሞተም አለ። አውስትራሊያ በ2021 እ.ኤ.አ. የከለከለችው ወድዳ አይደለም።

ብዙ ቦታ ደግሞ የእንቁራሪቷን መንፈስ እየጠሩ ይዘምራሉ። ይኼ ለክርስቲያን የሚያከራክር አይመስለኝም።

እውነት ለመናገር እኛም ጋ «ካላስመለሰህ አልዳንክም» እያሉ ጠበል በጀሪካን የሚያስጠጡ አሉ፤ እሱንም አልደግፍም። ጠበልሽን በልክ ጠጪ፣ ጸልዪ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ ስለዚህ ማንም «ለሥርዓቱ መድኃኒትሽን አቁሚ» ቢልሽ፣ ካህንም ይሁን ፈረንጅ፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እሺ አትበዪ።

ባልደረባሽን አትቆጫት፤ አዝናልሽ ነው። እሷ ግን እሄዳለሁ ካለች ብቻዋን እንዳትሄድ ንገሪያት፤ ራሷን ከሳተች ወይም ከተንዘፈዘፈች «ሥርዓቱ ይለቅ» ብሎ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው 911 ይደወል።