ቀን መቁጠር አለማመን ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ልጅ መፈለግ ከጀመርን ዓመት ከመንፈቅ አልፎናል። እንቁላል የሚወጣበትን ቀን በስልኬ አፕ እከታተላለሁ፣ ጠዋት ጠዋትም ሙቀቴን እለካለሁ። በመንፈሳዊ ሕይወቷ የማከብራት አንዲት እኅት ይህን ስነግራት «ብታምኚ ኖሮ ቀን አትቆጥሪም ነበር፤ ማኅፀን የሚከፍት እግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስቆጥርም ስጸልይም ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ቀኑ ጾም ላይ ሲውልስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ሕሊናሽ ይረፍ። ቀን መቁጠርሽ ኃጢአት አይደለም። አለማመንም አይደለም።

እኅትሽ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነው። የራሔልን ማኅፀን የከፈተ እግዚአብሔር ነው። ስሕተቱ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አንቺ ምንም አትወቂ» ማለት ነው። ይህን ነገር ከብዙ ባለትዳሮች ሰምቻለሁ። ጸሎትና ዕውቀት ባላንጣ ይመስሉናል። አንዱን የያዘ ሌላውን የጣለ ይመስለናል።

ሐናን ተመልከቺ። ዕንባዋን ሁላችንም እንሰብካለን። ከዕንባዋ በኋላ ያለውን ግን ዘለን እናልፋለን። በማለዳ ተነሥተው ሰገዱ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ሕልቃናም ሚስቱን አወቀ፣ እግዚአብሔርም አሰባት ይላል (1ኛ ሳሙ. 1፥19)። ያች አምርራ ያለቀሰች ሴት ከጸለየች በኋላ ወደ ባሏ ሄደች። በተፈጥሮ ሥርዓት የሚሆነውን ማድረጓ ጸሎቷን አላፈረሰውም። እግዚአብሔር ያሰባት በዚያው መንገድ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ገበሬውን ነው (ያዕ. 5፥7)። ገበሬ ዝናቡን ከላይ ይጠብቃል፤ የሚዘራበትን ወቅት ግን ያውቃል። ወቅቱን በማወቁ ማን ከሓዲ ይለዋል?

ዕውቀቱ ግን ትክክለኛ ይሁን። ብዙዎች እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ነው ብለው ይይዛሉ። ለሁሉም ሴት እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደትሽ 32 ቀን ከሆነ ወደ 18ኛው ቀን ይጠጋል። አፑም የሚነግርሽ ካለፉት ወራት ተነሥቶ የገመተውን ነው። የወጣ እንቁላል የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋናዎቹ ቀናት እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ናቸው።

ሙቀትሽም ቢሆን ከፍ የሚለው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም በጥቂት ነጥብ። ያለፈውን ይነግርሻል እንጂ «ዛሬ ነው» አይልሽም። ቀድሞ የሚነግርሽ ከማኅፀን በር የሚወጣው ፈሳሽሽ ነው። እንደ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ነጩ ክፍል ጠርቶ፣ አንሸራትቶ፣ በጣት መካከል ሲሳብ ቀኑ ቀርቧል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ካስጨነቀሽ ደግሞ አፑን ተዪውና በየሁለት ሦስት ቀኑ ተገናኙ። ቀኑ አያመልጣችሁም።

እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ጌታ ሲሆን ነው። አንድ ባል «ዛሬ ነው የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሳይ ቤት መግባት እፈራለሁ» ብሎኛል። ሲገባ ሰላምታ የለም፣ ራት የለም፣ ፈተና ክፍል እንደ መግባት ነው። ወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሚስቱ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ታለቅሳለች። ትዳር ልጅ ማግኛ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ሕልቃና «እኔስ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ያለው ልጅ ሳይኖራቸው ነው። ባልሽን በማይቆጠሩትም ቀናት ፈልጊው።

ስለ ጾሙ፦ ጾሙን እንደምታከብሪ ከጥያቄሽ ያስታውቃል። ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ያውም ለጊዜው እንዲሆን አዟል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ጾሙ ያልፋል፣ ቀኑም በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። አንድ ወር ስላለፈሽ የተቀማሽው ነገር የለም። ዕድሜሽ ከገፋ ወይም ሐኪም በቀን የታሰረ ሕክምና ከጀመረላችሁ ግን ለብቻሽ አትወስኚ። ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና በግልጽ ንገሯቸው። ይህን ሰምቶ መምከር የአባትነታቸው ሥራ ነው፤ አትፈሪ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ልጅ እንዲሰጣት ብላ ከታዘዘው በላይ በራሷ ላይ ጾም የምትደርብ ሴት አጋጥማኛለች፤ አንድ ብቻም አይደለችም። ሰውነት በጣም ሲከሳ እንቁላል መውጣቱ ሊቆም ይችላል። የምትለምኚበትን አካል እያደከምሽ አትለምኚ። ከልክ ያለፈ ውፍረትም ዑደትን ያዛባል። በቂ እንቅልፍ፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ሲጋራና አልኮል መተው ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ከመፀነስ በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ ለጽንሱ አንጎልና አከርካሪ ጥበቃ ነው። «ማኅፀን ያጥባል» እየተባለ የሚሰጥ ቅጠላ ቅጠል ግን ምንነቱን ሳታውቂ አትጠጪ።

ምናልባት ከጥያቄሽ ጀርባ «ቀጥቶኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ይኖር ይሆናል። ሉቃስ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ጽፎ ወዲያው «ልጅም አልነበራቸውም» ይላል (ሉቃ. 1፥6-7)። ጽድቃቸውን ያስቀደመው እንደ አንቺ ያሉት እንዲሰሙት ይመስለኛል። «ኃጢአትሽ ነው» የሚልሽ ቢመጣ ይህን አንብቢለት።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። ዓመት ከመንፈቅ ብለሻል። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት፣ 35 የሞላት ደግሞ 6 ወር ሞክራ ካልፀነሰች መመርመር ይገባታል። የወር አበባሽ የሚዘበራረቅ ከሆነ ይህንንም መጠበቅ አያስፈልግም። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ወይም የሌላ ሆርሞን ችግር ሊሆን ይችላል፤ ብዙው ደግሞ ይታከማል። «በጸበል ጀምሬያለሁ፣ ሐኪም ጋ አልሄድም» አትበዪ። ሲራክ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ይነግረናል (ሲራ. 38፥4)። ጸበሉንም ሕክምናውንም ያዢ።

ወደ ምርመራው ብቻሽን እንዳትሄጂ። የመፀነስ ችግር ከወንዱ በኩልም በብዛት ይመጣል፤ የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ዘሩን ከመስጠት ያለፈ ብዙ ነገር የለውም። ለዓመታት እየተንከራተቱ ሚስቶቻቸውን ብቻ የሚያስመረምሩ፣ «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ባሎች አሉ። ይህ ትዕቢት ነው፣ ንስሐም ይገባዋል። ባልሽ ይህን እንዲያነበው ስጪው። ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ያዙ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ግቡ።