ቤዙ ከመቦርቦሩ በፊት ፒክአፑን ወስን

ጥያቄው የመጣው ባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር ከሚያሠራ አንባቢ ነው። እንጨቱ ተቆርጧል፣ የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል) ጉድጓድ ግን ገና አልተቦረቦረም። ዝማሬ ያገለግላል፣ ሠርግም ይጫወታል፤ የኋላውን ፒክአፕ ብቻውን ከፍቶ መጫወት ይወዳል። "ሁለት ጃዝ ፒክአፕ ከባለ ሦስት ባንድ ፕሪአምፕ ጋር ላስገባ ወይስ ፓሲቭ ይሻለኛል?" ይላል። ፕሪአምፕ ቤዙ ውስጥ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማስተካከያ ነው፤ ባለ ሦስት ባንዱ ቤዝ፣ ሚድ (መሃል) እና ትሬብልን ለየብቻ ያስተካክላል። አክቲቭ ማለት በባትሪ የሚሠራ፣ ፓሲቭ ማለት ያለ ባትሪ የሚሠራ ነው።

ወንድሜ፣ እንኳን ሳይቦረቦር ጠየቅክ። ፕሪአምፕ ካልወደድከው ነገ ትቀይረዋለህ፣ ጉድጓድ ግን አንዴ ከተቦረቦረ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን እንጨርስ። ፒክአፑ ወደ ብሪጅ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ብረት) በተጠጋ ቁጥር ድምፁ እየጠራ ይሄዳል፣ ውፍረቱ ግን ይቀንሳል። ትንሽ ርቀት እንኳ ይሰማል፤ ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃዝ ቤዝ የተባለውን ሞዴሉን የኋላ ፒክአፕ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ብሪጅ አስጠግቶት ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቤዚስቶች የ60ዎቹ ይሻላል፣ የለም የ70ዎቹ እያሉ ይከራከራሉ። አንተ የኋላውን ለብቻው ስለምትጠቀም የ60ዎቹን ቦታ ያዝ። ብሪጁ ሥር ከሄደ የአምስተኛዋ (የወፍራሟ) ክር ድምፅ ይቀጥንብሃል።

አሁን ወደ ሁሙ፣ ከመብራት ወደሚገባው ጩኸት። ጃዝ ፒክአፕ ነጠላ ኮይል (አንድ የሽቦ ጥቅልል) ነው። የፊቱና የኋላው ጥቅልልም ማግኔትም ተገላቢጦሽ ሆነው ከተሠሩ፣ ሁለቱንም እኩል ስትከፍት ሁማቸው ይጣፋል፤ አንዱን ስትዘጋው ግን የመብራቱ "እምምም" ተመልሶ ይመጣል፣ በተለይ ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ያላቸው የመድረክ መብራቶች አጠገብ። ያንተ አጨዋወት ደግሞ በትክክል እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ለኋላ የጃዝ ቅርፅ ያለው፣ ውስጡ ግን ሁለት ኮይል የሆነ ፒክአፕ ግዛ። ለፊት የፕሪሲዥን (የሌላው የፌንደር ቤዝ) ዓይነት፣ ለሁለት የተከፈለውን ፒክአፕ አድርግ፤ እሱ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሁም የማይሰማበት ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ለሠርግ የሚሆን ወፍራም ድምፅም አለው። ከመግዛትህ በፊት የክሮቹን ስፋት ለካ፤ ግን ብሪጁ ላይ ሳይሆን ፒክአፑ በሚቀመጥበት ቦታ።

ፓሲቭ ፒክአፕና አክቲቭ ፕሪአምፕ፣ ምክሬ ይሄ ነው። ፒክአፑ ራሱ አክቲቭ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ድምፅም የለም። ፓሲቭ ከሆነ ግን ፕሪአምፑን የሚያልፍ ስዊች ታስገባለህ፣ ባትሪው መዝሙር መሃል ቢያልቅ ጠቅ አድርገህ ትቀጥላለህ። ቮሊዩሙና ፓሲቭ ቶኑ 250 ኪሎ ኦም ፖት (በኖብ የሚዞር ሬዚስተር) ይሁኑ፣ ቶኑ ላይ 47 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር። አክቲቭ ፒክአፕ ላይ የሚገባውን 25 ኪሎ ኦም ፖት እዚህ ካስገባህ ድምፁ ይታፈናል። አንዱን ፒክአፕ አክቲቭ ሌላውን ፓሲቭ አድርገህም በአንድ ተራ ብሌንድ (ማቀላቀያ) ፖት አታገናኛቸው፣ አክቲቩ ሌላውን ይውጠዋል።

ሦስት ባንዱን እደግፋለሁ፣ ምክንያቱ መሃሉ ነው። የአምስተኛዋ ክር የታችኛው ድምፅ 31 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የአዳራሽ ስፒከር እዚያ አይደርስም፣ የቤዝ ኖቡን ብትጨምረው የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም። ኪቦርድና ከበሮ መሃል ቤዝህ ተለይቶ እንዲሰማ የምታነሳው ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን ነው። ፕሪአምፕ ስትመርጥ የሚድ ኖቡ የት እንደሚሠራ እይ።

ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት) ስቴሪዮ ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ኬብሉ ሲነቀል ባትሪው ይቋረጣል። ኬብሉን ሰክተህ ካደርክ ግን ባትሪው አብሮህ ይሠራል። ጩኸት እንዳይገባ ጉድጓዶቹን በሙሉ በመዳብ ቴፕ አልብሳቸው፣ መጋጠሚያዎቹን በስታኞ ንካቸው፣ በመልቲሜትር ከጃኩ ግራውንድ ጋር መገናኘታቸውን አረጋግጥ። ከብሪጁ ሥር ወደ ግራውንድ የሚሄደውን ሽቦ ሠሪው እንዳይረሳው። የባትሪውን ሳጥን ደግሞ ከጀርባ ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት አድርገው፣ መድረክ ላይ ብሎን ስትፈታ እንዳትቆም።